ሜዳው ባዶ ሲሆን የሚሠራ ሥራ

(በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተመራቂዎች ዳግም መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር። ተናጋሪዋ የ1998 ዓ.ም. ተመራቂ፣ የውስጥ ደዌና የስፖርት ሕክምና ሐኪም ናቸው።)



ከአዘጋጆቹ አንዱ የድሮ የዲዩቲ ጓደኛዬ ነው። ደውሎ «ትንሽ ንግግር አድርጊልን» ሲለኝ ስለ ደም ግፊት ሕክምና ላወራ ነበር ያሰብኩት። «እሱንማ እናነበዋለን፤ ስለ ቤዝቦሉ ንገሪን» አለኝ። እሺ፣ ስለ ቤዝቦሉ ልንገራችሁ። ግን መጨረሻው ቤዝቦል ላይ አይደለም፤ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቤዝቦል አልጫወትም። ከዚህ አገር እስክወጣ ድረስ አይቼውም አላውቅም ነበር። አሜሪካ ሄጄ መጀመሪያ ሳየው «ይሄማ የገና ጨዋታ ነው፤ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ግን በዛ» ነበር ያልኩት። አሁን የምኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ አካባቢ ነው። በዋናው ሊግ ካሉት 30 ክለቦች ግማሾቹ ከውድድር በፊት የሚዘጋጁት እዚያ ነው፤ ሌሎቹ 15ቱ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ። የምሠራበት የሕክምና ማዕከል ከአንዱ ክለብ ጋር ውል አለው። ክለቡን ስሙን አልጠራም፣ ለምን እንደማልጠራው ኋላ ይገባችኋል። እኔ ከክለቡ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች አንዷ ነኝ።

የስፖርት ሐኪም ሲባል ቦርሳ ይዞ ሜዳ ዳር የሚቆም፣ ሰው ሲወድቅ የሚሮጥ ይመስላል። ያም ሥራ አለ፤ በብዛት የአጥንት ሐኪሞቹና የስፖርት ጉዳት ባለሙያዎቹ ናቸው የሚሠሩት። የኔ ሥራ የሚበዛው ጨዋታ ሲያልቅ ነው። አንድ ክለብ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 162 ጨዋታ ይጫወታል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ገደማ ማለት ነው። ሻምፒዮናው ኖቬምበር መግቢያ አካባቢ ይለይለታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ሜዳው ባዶ ነው። ተጫዋቾቹ ወደየቤታቸው ይበተናሉ፤ አንዱ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ አንዱ ቬኔዙዌላ፣ አንዱ ቴክሳስ። ቢሮው ግን የሚሞቀው ያኔ ነው። ውል ያለቀበት አዲስ ክለብ ይፈልጋል፣ ክለብ ከክለብ ተጫዋች ይለዋወጣል፣ ስልክ ሌሊትም አያቆምም።

ስለ ጥቃቅኑ ብዙ አላደክማችሁም። የክትባት ካርድ እንመረምራለን። በየአገሩ ፋርማሲ የሚሸጥ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳይኖር እናጣራለን፤ ልጁ እናቱ የሰጠችውን ሽሮፕ ጠጥቶ ውድድር እንዳይታገድ። አንድ ጊዜ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ክለቡ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥንበት አካዳሚ ሄጄ አዲስ የፈረሙ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች መርምሬያለሁ። ክለቦቹ ከእነዚህ ታዳጊዎች ጋር መፈራረም የሚጀምሩት በየዓመቱ ጃንዋሪ 15 ነው። ክንዳቸው ጉድ ነው፤ እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን የተበላሸ ጥርስ ነው። ሰልፉን፣ ሙቀቱን፣ ልጆቹ እየተገፋፉ ሲስቁ ሳይ አጋሮ ለቲቲፒ የወጣን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለመምህሮቻችን ልንገራችሁ፦ ያ በየቀበሌው ያዞራችሁን ሥልጠና ያኔ አማርረን ነበር፤ የትም አገር፣ ምንም ሳይኖረኝ ጠረጴዛ ዘርግቼ ሰው ማየት የቻልኩት ግን በሱ ነው።

ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ባዶ ስታዲየም ገብተን የድንገተኛ ልምምድ እናደርጋለን። ኳስ ደረትን በክፉ ቅጽበት ከመታ፣ ጤነኛ ልብ እንኳ ምቱ ተዛብቶ ሊቆም ይችላል፤ ኮሞሽዮ ኮርዲስ የምንለው። ስለዚህ አንዱ ሜዳው መሐል ይተኛል፣ እኛ የልብ ማስነሻውን ማሽን ይዘን እንሮጣለን፣ ሌላው ሰዓት ይይዛል። አንድ ዓመት የተኛው የሣሩ ተንከባካቢ ሽማግሌ ነበር። ደርሰን ደረቱ ላይ ልንለጥፍ ስንል «ቀስ በሉ፣ የእውነት እንዳትጀምሩኝ» አለን።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቤዝቦል ውስጥ አንድ ተጫዋች ከክለብ ጋር ተስማማ ተብሎ በዜና ሲነገር መጨረሻዋ ላይ አንዲት ሐረግ አትጠፋም፦ «የጤና ምርመራውን ካለፈ»። ያቺ ሐረግ የኛ ሥራ ናት። ልጁ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ደም፣ ሽንት፣ ኢሲጂ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የትከሻና የክርን ኤም አር አይ፣ ያለፉ ፋይሎቹ በሙሉ። አንዳንዱ በአንድ ቀን ያልቃል፣ አንዳንዱ ሁለት ቀን ይወስዳል። ከዚያ ለክለቡ ሪፖርት ይሄዳል።

ሁሉም ዓይኑ ክርን ላይ ነው፣ በተለይ ኳስ ወርዋሪ ከሆነ። እዚህ ላይ ጓደኞቼ የሚቀልዱብኝን ቀልድ ልንገራችሁ፦ «ከጅማ ተመርቀሽ ጅማት ስታዪ ልትኖሪ!» ይሉኛል። በክርን የውስጥ በኩል ያለችው ጅማት በጠንካራ ውርወራ ብዛት ትበጠሳለች። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ በነበረው በቶሚ ጆን ላይ፣ ከሌላ እጁ ዘንግ ወስደው የተበጠሰችውን ተኩለት። የመመለስ ዕድሉን ከመቶ አንድ ብለው ነበር የገመቱት። ሰውዬው በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ድረስ ወረወረ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ዛሬ ቀዶ ሕክምናው የሚጠራው በበሽተኛው ስም ነው፤ በሐኪሙ አይደለም። ይቺን ነገር በጣም እወዳታለሁ።

ግን ምስል ማየትና ሰው ማወቅ አንድ አይደሉም። ታዋቂው የአጥንት ሐኪም ዶክተር ጄምስ አንድሩስ አንድ ጊዜ ምንም ሕመም የሌላቸውን 31 ወርዋሪዎች ትከሻ በኤም አር አይ አንስተው ነበር። 90 በመቶዎቹ ላይ የልም አጥንት ችግር፣ 87 በመቶዎቹ ላይ የዘንግ ችግር ታየ። ሁሉም ግን እየወረወሩ ነበር! ታዲያ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» የምንለው በምንድን ነው?

ጋዜጣ ላይ የወጣ አንድ ታሪክ አለ፣ እሱን ብናገር ማንንም አልጎዳም። በዲሴምበር 2022 ካርሎስ ኮሬያ የሚባል ተጫዋች ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ለ13 ዓመት በ350 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ ተባለ። ከምርመራው በኋላ ነገሩ ፈረሰ። ወዲያው ኒው ዮርክ ሜትስ በ12 ዓመት 315 ሚሊዮን አለ፤ እሱም ከምርመራው በኋላ ቀረ። በጃንዋሪ ሚኒሶታ ለ6 ዓመት በ200 ሚሊዮን አስፈረመው። ምክንያቱ በ2014 ገና ታዳጊ ሳለ የተሰበረና ብረት የገባለት እግሩ ነው ተባለ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እየተጫወተ ነበር። እግሩ ያው አንድ እግር ነው። ሐኪሞቹ የተጠየቁት ግን «ዛሬ ምን አለበት?» ተብለው አይደለም፤ «ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይሆናል?» ተብለው ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ሐኪም ትንሽ ጠንቋይ መሆን አለበት። እኔ በዚህ ጥያቄ ላይ እርግጠኛ የሆነ ሐኪም ሲያጋጥመኝ እፈራዋለሁ።

ለኮሬያ አታዝኑ፤ 200 ሚሊዮን ዶላር ያጽናናል። የኔ ወረፋ ላይ የሚበዙት ግን እንደሱ ያሉት አይደሉም። የታችኛው ሊግ ልጆች ናቸው። በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ የኅብረት ስምምነት ተፈርሞላቸው ክፍያቸው ከፍ ከተደረገ በኋላ እንኳ በመጨረሻው እርከን ያለው በዓመት 19,800 ዶላር ነበር የሚያገኘው። ከዚያም ላይ ለእናቱ ይልካል። የሱ ምርመራ ዜና አይሆንም።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ወደ 1999 ዓ.ም.፣ ወደ አዲስ አበባ። በተመረቅሁ በዓመቴ ደመወዝ አልበቃ ብሎኝ፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ሠራተኞችን በሚመረምር አንድ ክሊኒክ ማታ ማታና ቅዳሜ እሠራ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደም፣ የእርግዝና ምርመራ፣ የደረት ራጅ፤ ከዚያ ቅጹ ላይ «ብቁ» ወይም «ብቁ ያልሆነች»። በቀን ስንት ሴት ልጅ እንዳየሁ አላስታውስም፤ ፊታቸውን ሳላይ የፈረምኩበት ቀን እንዳለ ግን አስታውሳለሁ።

አንዷ ከሊሙ የመጣች ነበረች። እዚህ የለቃቀምኳትን ኦሮምኛ ይዤ ሰላም ስላት እንዴት እንደሳቀች! ፓስፖርቷ ላይ ያለው ዕድሜ የሷ ዕድሜ አልነበረም፤ ሁለታችንም አውቀን ዝም አልን። ራጇ ሲመጣ የቀኝ ሳንባዋ ላይኛው ክፍል ላይ ጥላ አለ። አሮጌ ጠባሳም ሊሆን ይችላል፣ የያዛት ቲቢም ሊሆን ይችላል፤ አክታ ሳይታይ ማን ያውቃል። ቅጹ ግን ይሄን አይጠይቅም። «ብቁ ያልሆነች» ብዬ ፈረምኩ። የክሊኒኩ አሠራር ውጤቱ በቀጥታ ለኤጀንሲው እንዲሄድ ነበር፤ ለልጅቷ የሚነግራት ደላላው ነው። ኮሪደሩ ላይ አግኝታኝ «ዶክተር፣ ምን አለብኝ?» አለችኝ። «ከሰውየው ጋር ተነጋገሪ» አልኳት። ወረፋው ረዥም ነበር።

ይኸው ነው። ክሊኒኩን ልወቅስ እችላለሁ፣ ግን እስክሪብቶው የኔ ነበር። ደላላው «ወድቀሻል» ብሎ ብቻ ሰዷት ይሆናል። እያሳለች ወደ ሊሙ ተመልሳ ይሆናል። ከታናናሾቿ ጋር በአንድ መደብ ተኝታ ይሆናል። አላውቅም፤ ጠይቄም አልነበረም።

ይሄን ለምን ተናገርኩ? ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስፔሻሊቲ ጨርሼ፣ ያ ሁሉ ማሽን ባለበት ንጹሕ ሕንፃ ውስጥ፣ ያው ቅጽ ተመልሶ መጣብኝ።

ጃንዋሪ ነው። ክለቡ ለታችኛው ሊግ ሊያስፈርመው የጠራው ከካሪቢያን የመጣ ወርዋሪ ልጅ። (እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሩን ቀይሬዋለሁ።) የክርኑ ኤም አር አይ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ንጹሕ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ደስ ብሎት ወጣ። እኔ ጋ ሲመጣ የደም ግፊቱ 164 በ102 ሆነ። አሳርፌ በሌላው ክንድ ለካሁ፤ ያው ነው። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን በሦስት መስቀል፣ ክሬቲኒን 1.9። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አልኩት። «የለም» አለ። ስንቆይ «ለክንዴ የሚሆን ክኒን ብቻ» አለ። ማስታገሻ ነው፤ ሁለት ወቅት ሙሉ በየቀኑ፣ አንዳንዴ በቀን ሦስት ጊዜ። ኩላሊቱን የጎዳው ክኒኑ ብቻ ይሁን ወይም ከሥሩ ሌላ በሽታ ይኑር በአንድ ቀን የሚታወቅ አይደለም። ሰው ሁሉ ክንዱን ሲጠብቅለት ኩላሊቱን ያየለት አልነበረም።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከክለቡ ቢሮ ተደወለ። «አንድ ቃል ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ያልፋል ወይስ አያልፍም? ማታ ለወኪሉ መልስ እንሰጣለን።» እኔም «ነገ ጠዋት» አልኩ። «ለምን?» «መጀመሪያ ለሱ እነግረዋለሁ።» «ወኪሉ ይነግረዋል እኮ» አለኝ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አሠራሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው። እኔ ግን የሊሙዋ ልጅ ኮሪደሩ ላይ የቆመች መሰለኝ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ነርሷ በሩን ዘጋችልኝ።

ልጁ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሆቴል ነበር ያረፈው። ሄድኩ። ሎቢው ሰው ሞልቶበታል፤ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥን፣ አስተርጓሚዋን በስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ። ስለ ኩላሊቱ ስነግረው ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ «ክርኔስ?» ብሎ ነው። ክርኑ ደህና እንደሆነ ስነግረው ተነፈሰ። ቀጥሎ «ለነሱም ይነግሯቸዋል?» አለኝ። «አዎ። ፈርመህልኛል፤ ልዋሽ አልችልም» አልኩት። «አንድ ወር ቢቆዩልኝስ? ክኒኑን ትቼ?» አለ። ምን ብዬ ልመልስለት? እውነት ለመናገር ለአፍታ አስቤዋለሁ። «አይሆንም» አልኩት። መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለ፤ እኔ ከመኪናው ወረድኩ።

ጠዋት ሪፖርቱን ላክሁ። ክለቡ ውሉን ተወው። በኔ ላይም ለጥቂት ሳምንት ፊት ነሱኝ፤ ያን ማታ ያለ መልስ ስላሳደርኳቸው። ለልጁ ውጤቱን በሙሉ ሰጥቼ፣ በስፓኒሽ ለኩላሊት ሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ አስይዤ፣ የግፊት መለኪያም ገዝቼ ሰደድኩት። «የኔ ሐኪም መሆን ይችላሉ?» ብሎኝ ነበር። አልችልም፤ በአገሩ ፈቃድ የለኝም፣ የሚከፍለኝም ክለቡ ነው። ይቺን ሁለተኛዋን ምክንያት ስናገር አፈርኩ። ቢሆንም ነገርኩት፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ ማወቅ ነበረበት። ከሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ፣ ገና ልብሳቸውን ሳያወልቁ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «ዛሬ የቀጠረኝ ክለቡ ነው፤ የማገኘውን ለክለቡ እነግራለሁ፤ ግን ከማንም በፊት ላንተ እነግርሃለሁ።» አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ ይጠነቀቃል፣ ሕመሙን ይደብቀኛል። ምርመራዬ ጎደለ ማለት ነው። ይሄን መልስ ያላገኘሁለት ነገር እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ የተሻለ ያወቀ ቢኖር ልማር።

ጁን ላይ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ኋላው ዶሮ ይጮኻል፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ። «ዶክቶራ፣ 128 በ82» አለ። ሌላ ነገር የለውም። ክሬቲኒኑን ጻፍኩለት፣ ጠየቅሁት፤ ለሱ መልስ አልመጣም።

እንግዲህ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው። አንድ ጉዳይ ብቻ አለኝ። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትን የሚመረምር ክሊኒክ የከፈታችሁ፣ ወይም እዚያ ማታ ማታ የምትሠሩ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልወቅሳችሁ አይደለም፤ ከኔ የባሰ አልሠራችሁም። ለተጫዋቾቹ የምሰጣት አንዲት ገጽ ወረቀት አለችኝ፦ ምን ተገኘ፣ ምን ማለት ነው፣ የት ልሂድ፣ በስንት ቀን ውስጥ። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው ያለችው። በአማርኛና በኦሮምኛ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ፤ ለሳንባ፣ ለጉበትና ለኤችአይቪ ውጤት የሚሆነውን ክፍል ደግሞ የዚህን አገር አሠራር የሚያውቅ ሰው ነው መጻፍ ያለበት። ከምሳ በኋላ ቡናው ከሚፈላበት በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። በረራዬ ሐሙስ ነው። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።